የሸጋዬ እግርና የአያ አለኸኝ ብረት

አያ አለኸኝ ደክሞታል። ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ዓይነት ድካም አይዶለም፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ቤት የሠራ ድካም ነው። ጠዋት ከመደቡ ይነሣል፣ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፣ በፀዳ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣውን መንገደኛ ያያል፣ ገና ማንም ሳይመጣበት «ዛሬስ ባይመጡብኝ ምን ነበረበት» ይላል። ይመጣሉ። ሁልጊዜም ይመጣሉ።

ሥራው ሕመምተኛ በብረት መተኮስ ነው። ወገቡን የያዘው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነበት፣ ክንዱ አልነሣ ያለው ሁሉ እሱ ዘንድ ይወርዳል። እሱም ጫፏ ጠፍጣፋ የሆነች፣ ክንድ የማትሞላ ብረት አለችው። ፍም ውስጥ ይከታታል፣ በርበሬ ስትመስል ያወጣታል፣ ሕመሙ ያለበት ቦታ ላይ ያሳርፋታል። ቆዳ ይጤሳል፣ ሰውዬው ይጮኻል፣ አለቀ። ትልቅ ሰው ቢጮኽ ግድ የለውም። ትልቅ ሰው ራሱ ፈልጎ ነው የመጣ፤ ሲያበቃም ጠላውን ጠጥቶ እየተሳደበ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አያ አለኸኝን ያደከሙት ልጆቹ ናቸው።

በዚያ አገር ልጅ ተወልዶ፣ ዓመት ደፍኖ፣ መቆም እምቢ ያለ እንደሆነ «እግሩ አልጸናም» ይባላል። ጎረቤት ያያል። አማት ታያለች። «ኧረ ይሄ ልጅ ምነው?» የሚለው ይበዛል። ከዚያ ጨረቃ እስክትጎድል ጠብቀው፣ ልጁን አዝለው፣ አንድ እንስራ ጠላ አስይዘው ወደ አያ አለኸኝ ይመጣሉ። ጠላው «ብረት ማብረጃ» ነው የሚባል፤ ሌላ ዋጋ የለውም። ልጁ አባቱ ጭን ላይ በሆዱ ይተኛል። ከወገቡ ግራና ቀኝ፣ ከጉልበቱም በስተኋላ ይተኮሳል። ልጅ ሲጮኽ እንደ ትልቅ ሰው አይዶለም። ልጅ ማን እንደነካው አያውቅም፤ እናቱን እያየ ነው የሚጮኽ።

ከዚያ ይሄዳል። ወርም ይሁን፣ ሁለት ወርም ይሁን፣ ሦስትም ይሁን፣ ቆይቶ ይሄዳል። እናቱም አያ አለኸኝን ገበያ ላይ ስታገኘው ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ትስማለች። እሱ «እግዜር ነው እንጂ እኔ ምን ነኝ» ይላል። ግን ደስ ይለው ነበር። ዱሮ ደስ ይለው ነበር።

ትውልዱ ጭልጋ ነው፣ ከአገው ወገን። ብረቱን ያስተማረው የእናቱ ወንድም አዘዘ ነው። አዘዘ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁ ግን ቶሎ የሚል ነበር። «አትዘን። የሚያዝን እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያቃጥላል» ይለው ነበር። አያ አለኸኝ ይህችን ምክር ይዞ አረጀ። ጣልያን የመጣ ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ አዋሉት፤ ድንጋይ እየፈለጠ፣ የማኪና አቧራ እየበላ፣ ከጭልጋ አዘዞ ደረሰ። ጃንሆይ ተመልሰው አገር ሲረጋ ሌላው ሁሉ ወደየቀዬው ገባ። እሱ አልገባም። ያን ያህል ዘመን ከድንጋይ ጋራ የታገለ ሰው እርሻ መመለስም ይታክተዋል። ፀዳ ላይ ማሬ የምትባል ሸጋ ሴት አገባ፣ ይመኙሽን ወለደችለት፣ ከዚያ ማሬን ንዳድ ገደላት። ልጅቷ ቀረችለት፣ ብረቷ ቀረችለት።

የሰፈሩ እናቶች ልጅ አልታዘዝ ሲላቸው «አያ አለኸኝን ልጥራልህ?» ይላሉ። ልጁ ጭጭ ይላል። አንድ ቀን ወደ አዘዞ ገበያ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚጫወቱ ልጆች አዩትና ተበተኑ። አንዲቷ ብቻ መሮጥ አልሆነላትም። ባለችበት ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ዓይኗን ሸፈነች፤ እሷ ካላየችው እሱም የማያያት መስሏት ነው። አያ አለኸኝ ገበያው ሳይደርስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለምን ተመለስክ ያለው ሰውም የለም።

ይመኙሽ ጎንደር ቁስቋም ነው ያገባች፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው። ኃይለ ጊዮርጊስ ዜማው የሚጥም፣ ጨዋ፣ እናቱን የሚፈራ ሰው ነው። እናቱ እመት ወለተሩፋኤል ደግሞ ከካህን ዘር ናቸው፣ የሚፈሩትም የለ። የተኳሽ ልጅ ቤታቸው መግባቷን አልወደዱትም ነበር፤ ግን ልጅቷ ባለሙያ ስለሆነች ቻሉት።

ይመኙሽ ነፍሰ ጡር ሆና የባሏን ዘመዶች ልትጠይቅ ቆላ ድባ ወረደች። ያ ደምቢያን የፈጀው የንዳድ ዓመት ነበር። ሰው ከአጨዳው መሀል እየወደቀ፣ እህሉ ቆሞ የቀረበት ዓመት። እሷንም ያዛት። ስትንቀጠቀጥ ሰንብታ በሰባተኛ ወሯ ሴት ልጅ ወለደች። ቀይ ናት፣ ጥፍሯ ገና ስስ ነው፣ የምታለቅሰው እንደ አይጥ ነው። በጥጥ ጠቅልለው፣ እናቷ ጡት ላይ አስረው አኖሯት። ትሞታለች ሲሉ ሰነበተች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ቄሱ «ይቺ ናት?» ብለው ጠየቁ፣ እጃቸው ላይ ምንም ያለ አልመሰላቸውም። ሸጋዬ ያላት አያ አለኸኝ ነው።

ሸጋዬ ዓመት ደፈነች። ወራትም ጨመረች። ተቀመጠች፣ ዳኸች፣ «እማ» አለች። መቆም ግን የለም። ይዘው ሲያቆሟት እግሯ እንደ እርጥብ ገመድ ይተጣጠፋል።

በሁዳዴ መሀል አንድ ቀን አያ አለኸኝ ልጁን ሊጠይቅ ቁስቋም ወጣ። ገና ቁጭ ሳይል እመት ወለተሩፋኤል ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«እንዴት ሰነበቱ አያ አለኸኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እመት?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፤ ቆሜ እሄዳለሁ። የማትቆመው ይቺ ናት።» በአገጫቸው ሸጋዬን አመለከቱ። «ሰው ምን እንደሚለን ያውቃሉ? የሰውን ልጅ ሁሉ ሲያስኬድ ኖሮ ለገዛ ልጅ ልጁ ብረቱ ቀዘቀዘ እያሉ ነው።»

«ትንሽ ናት እኮ እመት።»

«ከእሷ ያነሱትን አልተኮሱም? የዚያች የሸማኔው ሚስት ልጅ ከእሷ ያነሰ አልነበረም?»

አያ አለኸኝ ያን ልጅ አስታወሰው። ያነሰ ነበር።

«እንግዲህ ጨረቃዋ እየጎደለች ነው። ቅዳሜ ይዘናት እንወርዳለን። ለፋሲካ ቆማ ማየት አለብኝ። አንቱ እጄ አይችልም ካሉ ግድ የለም፣ ቆላ ድባ በላቸው አለ። እሱ አያት አይዶለም፣ እጁ አይርድም።» ይህን ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

በላቸውን አያ አለኸኝ ያውቀዋል። በላቸው ብረቱን አያሳርፍም፣ ይጫናል። አንድ የተኮሰው ልጅ ወገቡ መግሎ፣ ሽታው ሰው አላስቀርብ ብሎ፣ እዚያው ደምቢያ ተቀብሯል። በላቸውም «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ ተዝካሩን በልቶ መጣ።

ይመኙሽ እመት ወለተሩፋኤል እስኪርቁ ጠብቃ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አባቴ፣ አትንካት።»

«እኔ ብተዋት በላቸው አይተዋትም።»

«እሱንም አስቀርልኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እንጃ። አንተ ነህ አባቴ።»

ይሄኔ ደጅ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ካኪ ልብስ የለበሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት ነው። ክንዱ ይባላል፤ በከተማው የጤና ትምህርት የሚማር፣ ንዳድ የያዛቸውን ሰዎች እየዞረ ደም የሚመረምር ልጅ። ይመኙሽ ታውቀዋለች፤ ከዚህ ቀደምም መጥቷል። ጣቷን ወጋ አድርጎ ደሟን ስስ የመስተዋት ቁራጭ ላይ ቀባና ሲያበቃ ሸጋዬ እየዳኸች መጥታ የጫማውን ማሰሪያ ያዘች።

«አንቺ ሌባ!» አላት። አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ቁልፍ አወጣና በቁልፉ ጫፍ የውስጥ እግሯን ከተረከዟ ወደ ጣቷ ቀስ አድርጎ ጫር አደረገው። የሸጋዬ አውራ ጣት ወደ ላይ ቀና አለ፤ ሌሎቹ ጣቶቿ እንደ ማራገቢያ ተከፈቱ።

«አሃ፣ ገና ናት» ብሎ ሳቀ።

«ምኗ ነው ገናው?» አለ አያ አለኸኝ።

«ነርቯ፣ አያ። ከአንጎሏ ተነሥቶ በጀርባ አጥንቷ ውስጥ ወርዶ እስከ እግሯ መልእክት የሚያደርስ ክር አለ። ያ ክር ገና አልለበሰም።»

«ክር ደግሞ ልብስ ይለብሳል?»

«ይለብሳል እንጂ። የቄስ ጥምጥም አይተው የለ? አንዱ ዙር በአንዱ ላይ፣ አንዱ ዙር በአንዱ ላይ። እንዲያ ነው። በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ክሩን ቁራጭ ቁራጭ ተካፍለው ዙሪያውን ይጠመጠሙበታል። ጥምጥሙ ስብ ነው፣ ነጭ ነው፤ ማይሊን ይሉታል። አስተማሪያችን ያለበሰውንም የለበሰውንም በማጉያ መነጽር አሳይቶናል።»

«ስቡ ምን ይረባዋል?»

«ክረምት ላይ በመረሬ ጭቃ ከደምቢያ ጎንደር መልእክተኛ ቢልኩ መቼ ይደርስልዎታል?»

«ቢደርስ አይዶል።»

«ያልለበሰው ክር እንዲያ ነው። መልእክቱ እያዘገመ ነው የሚሄድ፣ አንዳንዱም መንገድ ላይ ይቀራል። አንጎሏ ቁሚ ሲላት እግሯ በጊዜ አይሰማም። የለበሰው ግን ደረቅ መንገድ ነው፤ መልእክቱ እየዘለለ ይሮጣል። ልብሱ ደግሞ በአንድ ቀን አይለበስም። ገና ማሕፀን ሳለች ይጀመራል። መጀመሪያ ጡት የምትስብበትና የምትውጥበት። ከዚያ አንገቷ ይጸናል። ከዚያ ትቀመጣለች፣ እጇ መያዝ ይለምዳል። እግር መጨረሻ ነው። ይሄ አውራ ጣቷ ወደ ላይ የሚለው ልብሱ እዚያ አለመድረሱን ነው የሚነግረን፤ በአንዳንዱ ልጅ እስከ ሁለት ዓመቱም እንዲህ ይላል።»

አያ አለኸኝ አላመነም። ይሄን ሁሉ ዘመን ስንት እግር ይዟል፣ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አልነገረውም።

«ጥጃስ?» አለ። «ጥጃ በተወለደ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሥቶ ጡት ይፈልጋል። የኛ ልጅ ከጥጃ ታንሳለች?»

«ጥጃ ብዙውን በእናቱ ሆድ ለብሶ ነው የሚወጣ። የድመት ልጅ ግን ዓይኗ እንኳ ሳይገለጥ ነው የምትወለድ፣ መሬት ለመሬት ነው የምትንፏቀቅ። ሰው ወደ ድመቷ ነው፤ እንዲያውም ከእሷም ይዘገያል።»

«አንተ፣ የልጅ ልጄን ድመት አልካት?»

«ድመት ምን አደረገችዎ አያ?»

ይመኙሽ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቀች፤ አያ አለኸኝ ሳቋን ሰምቶ ትንሽ ለስለስ አለ።

«ግን ሌሎቹ በዚህ ዕድሜያቸው ቆመዋል እኮ» አለች ይመኙሽ።

«በስንት ወርሽ ነው የወለድሻት?»

«በሰባተኛው።»

«እናንተ የምትቆጥሩት ከተወለደች ነው፤ ነርቯ የሚቆጥረው ከተፀነሰች ነው። እሷ ቀድማ ወጣች እንጂ ልብሷ ቀድሞ አልተሰፋላትም።»

አያ አለኸኝ መሬት መሬቱን እያየ ጠየቀ። «እሳትስ? በብረት ተኮስ ቢያደርጓት አይቸኩልም?»

«ምን እሳት ያቸኩለዋል አያ! ቆዳ ያቃጥላል፣ ቁስል ያመጣል፣ ያው ነው። ልጁ ቢተኮስም ይሄዳል፣ ባይተኮስም ይሄዳል፤ ጊዜው ደርሷላ። ምስጋናውን ግን ተኳሹ ይወስዳል!» ክንዱ ብቻውን ሳቀ። ይመኙሽ አንገቷን ደፋች። ክንዱ አንዴ አባትን አንዴ ልጅን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይቅርታ አያ… አላወቅሁም።»

«ምን ይቅርታ አለው» አለ አያ አለኸኝ። «የተኮስኳቸው ሄደዋል እኮ። አንድ ሁለቱ ናቸው ሳይሄዱ የቀሩ።»

«እነዚያ ሌላ ሕመም ይኖራቸዋል፤ ብረት አይደርስበትም።» ክንዱ ቦርሳውን አነሣ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ፣ ሊተኮስ ተወስኖ ሳይተኮስ የቀረ ልጅ አያውቁም? እሱ ምን ሆነ?»

አያ አለኸኝ ወደ ፀዳ ሲወርድ መንገዱን ሙሉ ይሄን ሲያላምጥ ሄደ። መልሱ ጠፍቶት አይዶለም። ወዲያው ነው የመጣለት፤ እሱ ነው ሊያየው ያልፈለገ።

ጎረቤቱ እንኳየሁ ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ ውዴ ቶሎ አልቆም ብላ እሱ ተኩሷታል። ቀጥሎ የተወለደው የሻው እንደ እህቱ ዘገየ፤ እሱንም ሊተኩሰው ቀን ተቆርጦ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ አያ አለኸኝ ለለቅሶ ከመገጭ ወንዝ ማዶ ተሻግሮ፣ ዝናም ዘንቦ፣ መገጭ ሞልቶ አላሻግር አለው። ወንዙ ጎድሎ ሲመለስ የሻው የቤቱን ምሰሶ ይዞ ቆሞ አገኘው። «እድለኛ ነህ» ብሎት ሳቀ፣ ረሳው። ዛሬ የሻው አዘዞ ገበያ ላይ ኩንታል ተሸክሞ የሚሮጥ ጎረምሳ ነው።

አያ አለኸኝ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ክንዱ ልጅ ነው፣ ሊሳሳት ይችላል። መገጭ ግን አይሳሳትም።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ ምን ላርግ ሲል ሰነበተ። እምቢ ቢል ወደ በላቸው ይወስዷታል። እሺ ብሎ በስሱ ነካ ቢያደርጋት በላቸውን ያስቀራል፤ ግን ይመኙሽ እንደገና አባቴ አትለውም። ደግሞስ በስሱ የሚባል እሳት የት አለ?

ቅዳሜ መጡ። እመት ወለተሩፋኤል ፊት ፊት፣ ኃይለ ጊዮርጊስ እንስራውን ያሸከመውን ሰው እየመራ፣ ይመኙሽ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ በመጨረሻ። እንደ ወጉ ጎረቤትም ተሰበሰበ፤ እንኳየሁም ነጠላዋን ደርባ መጥታ ጥግ ላይ ቆመች። ብረቷ ፍም ውስጥ ናት። ባያግላት ኖሮ ገና ከደጅ ዞረው ወደ ቆላ ድባ ይሄዱበት ነበር።

«በሉ አስተኟት» አሉ እመት ወለተሩፋኤል።

«መጀመሪያ እግሯን ልይ» አለ አያ አለኸኝ። ጭድ አነሣና የሸጋዬን ውስጥ እግር ጫር አደረገው። አውራ ጣቷ ቀና አለ። ሸጋዬ የኮረኮራት መስሏት ሳቀች።

«አያችሁ? ገና ናት። የእግሯ ጅማት አልለበሰም። ይቺ ጣት ወደ ታች እስክትል ብረት አይነካትም።»

«ይሄን ከየት አመጡት?»

«አጎቴ አዘዘ ነው ያስተማረኝ።»

እመት ወለተሩፋኤል ከንፈራቸውን መጠጡ። «ለሸማኔው ልጅ አዘዘ አልነበረም? ለእኛ ሲሆን ነው ትምህርቱ የታሰበዎ? ግድ የለም። በላቸው የአዘዘ ተማሪ አይዶለም፣ እሱ ይተኩስልናል። አንተ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ተነሥ። ዛሬውኑ እንወርዳለን።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ተነሣ። እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ። ይመኙሽ አልለቀቀችም፤ አባቷን አየችው። 

አያ አለኸኝ በጣም ደከመው። እዚያው ምድጃው አጠገብ ቢተኛ፣ ነገሩም ያለ እሱ ቢያልቅ በወደደ።

«ይቀመጡ እመት» አለ። «ዋሽቼ ነው። አዘዘ እንዲህ አላለም። አዘዘም አያውቅም ነበር፣ እኔም አላውቅም ነበር።»

«ምኑን?»

«ብረት ልጅ እንደማያስኬድ።»

አንድ ሽማግሌ «ምን አለ? ምን አለ?» ብሎ ጎኑ ያለውን ጠየቀ።

«እንኳየሁ፣» አለ አያ አለኸኝ፣ «ነይ እስቲ ወዲህ። ውዴ መቼ ነው የሄደች?»

እንኳየሁ ሁሉም ሲያያት አፈረች። «አንተ ተኩሰሃት አይዶል? ቁስሏ ከደረቀ በኋላ ነዋ። ሁለት ዓመቷ ሊሞላ ጥቂት ሲቀራት።»

«የሻውስ?»

«የሻውማ ያልተተኮሰው ነው። መገጭ ሞልቶብህ።»

«መቼ ነው የሄደ?»

«እሱም እንደሷው…» ብላ ቆመች። በጣቷ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። «እንዲያውም እሱ ሳይቀድማት አይቀርም። ቁስል የለበትማ።»

«ሰማችሁ» አለ አያ አለኸኝ። «አንዱን ተኮስኩ፣ አንዱን ወንዝ ከለከለኝ። ሁለቱም ሄዱ። ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ልጄ፣ ልጅህ ያለ ወሯ ነው የተወለደች። ዳኸች፣ ተቀመጠች፣ በተራዋ እየመጣች ነው። በላቸው የሚያቃጥለው ጊዜዋን አይዶለም፣ ወገቧን ነው።»

«ሸመገሉ፣ አያ አለኸኝ» አሉ እመት ወለተሩፋኤል። «ለአንዲት ልጅ ብለው ስምዎን በአደባባይ አረከሱት።»

«ይርከስ እመት።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ቆሞ እናቱን አየ፣ ፍሙን አየ፣ አሁንም የአያቷን ጭድ ይዛ የምታኝከውን ልጁን አየ። ጭዱን ከአፏ አወጣላት። ከዚያ ነጠላውን አውልቆ ይመኙሽንና ልጁን አንድ ላይ አለበሳቸው።

«እናቴ፣ እንሂድ።»

«ቆላ ድባ?»

«ቤታችን።»

እመት ወለተሩፋኤል ልጃቸውን እንደ አዲስ ሰው አዩት። ከዚያ ወደ እንስራው ዞሩ። «ተሸከም፣ መልሰው። ላልተኮሰ ብረት ማብረጃ አይሰጥም» ብለው ወጡ። ሰውም አንድ ባንድ ወጣ። ከወጡት መሀል አንዱ ደጅ ላይ «ጠላው እንኳ እዚህ ይቅር እንጂ» ሲል ተሰማ።

ሸጋዬ ክረምት ሳይገባ ሄዳለች። እሱን ቁስቋም ሁሉ ያውቀዋል፤ እመት ወለተሩፋኤልም «ስለቴ ሰምሮ ነው» ይላሉ። ወደ አያ አለኸኝ ግን ከዚያ ወዲህ እግሩ ያልጸና ልጅ ይዞ የመጣ የለም። ግማሹ ልጁን ጊዜው እስኪደርስ ይጠብቃል። ግማሹ ቆላ ድባ ይወርዳል። እንጃ፣ ሁሉን ማስቀረት አልተቻለም።

ያን ቅዳሜ ግን፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ እንኳየሁ አልወጣችም። መደቡ ላይ ተቀመጠች። አያ አለኸኝ የሄደች መስሎት ብረቷን ከፍሙ እያወጣ ሳለ ነው የተናገረች።

«ለምን ተኮስካት ታዲያ?»

«እ?»

«ውዴን። ባይተኩሷትም ትሄድ ከነበር ለምን ተኮስካት?»

«አላውቅም ነበር እንኳየሁ።»

«ወገቧ ላይ ያለውን ታውቀዋለህ? ባሏ ቤት የገባች 'ለት የባሏ እህቶች አዩት። ‹ምነው፣ ከብት ነሽ እንዴ ምልክት ያደረጉብሽ› አሏት። እያለቀሰች መጣች። እኔ ምን አልኳት መሰለህ? ለእግርሽ ነው ልጄ፣ እሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬም ስትድሂ ነበር አልኳት። በዚያ ተጽናንታ ነው የኖረች። አሁን ምን ልበላት?»

አያ አለኸኝ ብረቷን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ይቅር በይኝ ሊል አሰበ፤ ቃሉ አነሰበት። 

«አትንገሪያት» አለ መጨረሻ ላይ።

«ዛሬ ይሄ ሁሉ ሰው ሰምቶ? ነገ ገበያ ላይ ትሰማዋለች።»

«እንግዲያው እኔ ልንገራት።»

እንኳየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ትሰድበዋለች ብሎ ጠበቀ። አልሰደበችውም።

«እሷ ደግ ናት» አለች፤ «ግን አትስቅልህም።»

«አትሳቅ።»

ዱላውን ፈለገ፣ በሩን ገርበብ አደረገ። የውዴ ቤት አዘዞ ነው፣ ከገበያው በስተኋላ። ፀሐዩ ገና አልበረደም። እንኳየሁ ቀድማ ወጣች፣ ትንሽ ሄደችና ወደ ኋላ ዞራ «ና እንጂ» አለችው። እሱም ተከተላት። መንገዱን ሙሉ ለውዴ የሚላትን የመጀመሪያውን ቃል እየፈለገ ነበር፤ የውዴ አጥር እስኪታይ ድረስም አላገኘውም።